ሲኒና ኪኒን

መምህሩ፦ ቡና የስኳር መድኃኒት ያረክሳል ይባላል። ኬሚስትሪ ሲያስተምር የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ፣ ሁለቱ ሆድ ውስጥ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን የሚያከሽፈው ይመስለዋል። እንዲያ ነው?

ፋርማሲስቷ፦ ሆድ ውስጥስ አይጣሉም፣ ጋሼ። መድኃኒት ከምግብ ወይም ከመጠጥ ጋር የሚጋጨው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። አንደኛው ደም ውስጥ የሚገባውን የመድኃኒት መጠን የሚነካ ነው፤ ምግቡ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል፣ ወይም መድኃኒቱን የሚያፈርሰውን የጉበት ኢንዛይም ሥራ ያስፈታዋል። ሁለተኛው ውጤቱን የሚነካ ነው፤ መድኃኒቱ ሳይጎድል ደም ውስጥ እያለ፣ ሌላው ነገር ተቃራኒውን ሥራ ይሠራል። ቡናና የስኳር መድኃኒት የሚገናኙት በአብዛኛው በሁለተኛው መንገድ ነው።

መምህሩ፦ ካፌይንም እኮ በጉበት ነው የሚፈርሰው። በመጀመሪያው መንገድ የማይጋጩት ለምንድን ነው?

ፋርማሲስቷ፦ ጉበት ብዙ ኢንዛይሞች አሉት። ካፌይንን በዋናነት የሚያፈርሰው ሲዋይፒ 1ኤ2 የሚባለው ነው። ከስኳር መድኃኒቶቹ ግሊቤንክላሚድ በሌሎች ኢንዛይሞች ነው የሚፈርሰው፤ ከእነሱ አንዱ ሲዋይፒ 2ሲ9 ይባላል። ሜትፎርሚን ጭራሽ ጉበት ውስጥ አይፈርስም፤ እንደተዋጠ ሳይለወጥ በኩላሊት አልፎ በሽንት ይወጣል። ኢንሱሊን ደግሞ ፕሮቲን ስለሆነ የሚፈርስበት መንገድ ሌላ ነው። ሦስቱም ከካፌይን ጋር አንድ በር ላይ አይጋፉም። የመጀመሪያውን ዓይነት ግጭት በግልጽ ማየት ለሚፈልግ የታይሮይድ መድኃኒት የሆነው ሌቮታይሮክሲን ጥሩ ምሳሌ ነው። በቡና ከተዋጠ ከፊሉ ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል፤ ስለዚህ በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጥና ቡናው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። አንድ ሰው ስኳርም ታይሮይድም ካለበት ጠዋት ሁለቱን ኪኒን በአንድ ላይ በቡና ሲያወራርድ የሚጎዳው የታይሮይዱ ነው።

መምህሩ፦ እንግዲያው ወደ ሁለተኛው እንሂድ። ካፌይን በስኳር ላይ ምን ይሠራል?

ፋርማሲስቷ፦ ሰውነት ራሱ የሚሠራው አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ቀኑ በገፋ ቁጥር አንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ ድካምና እንቅልፍ ያመጣል። ሥራውን የሚሠራው ተቀባዮቹ ላይ ሲያርፍ ነው። ካፌይን በቅርጹ ስለሚመስለው ተቀባዮቹን ቀድሞ ይይዛቸዋል፤ ቡና የሚያነቃውም ለዚህ ነው። ነገር ግን እነዚህ ተቀባዮች ጡንቻና ስብ ውስጥም አሉ። በዚያ ላይ ካፌይን ደም ውስጥ ያለውን አድሬናሊን ከፍ ያደርጋል። አድሬናሊን ሲጨምር ጉበት ያከማቸውን ስኳር ይለቃል፣ ጡንቻ ደግሞ ኢንሱሊን ሲያዘው ስኳሩን እንደ ወትሮው ፈጥኖ አይስብም። እንግዲህ ሜትፎርሚን የሚሠራውን ያስታውሱ። ዋና ሥራው ጉበት ስኳር እንዳያመርት ማድረግና የጡንቻን ለኢንሱሊን መታዘዝ ማሻሻል ነው። በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ የሚጓተቱ ማለት ነው። ገመዱ ግን አይበጠስም፤ መድኃኒቱ መሥራቱን ይቀጥላል፣ ትንሽ ይከብደዋል እንጂ።

መምህሩ፦ “ትንሽ” በቁጥር ስንት ነው?

ፋርማሲስቷ፦ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔዘርላንድስ በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ የተሠራ ጥናት ካፌይን በደም ሥር ሲሰጥ ሰውነት ለኢንሱሊን የሚታዘዝበት መጠን በ15 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በስኳር ሕሙማን ላይ ደግሞ በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናታቸው ቡና መጠጣት የለመዱ ዓይነት ሁለት ስኳር ያለባቸውን 10 ሰዎች በቆዳ ሥር በሚገባ የማያቋርጥ መለኪያ ተከታትሏል። ሰዎቹ አንድ ቀን 500 ሚሊግራም ካፌይን በእንክብል፣ ሌላ ቀን ባዶ እንክብል ወሰዱ። ካፌይን በወሰዱበት ቀን የቀኑ አማካይ ስኳራቸው በ8 በመቶ፣ ከእራት በኋላ ያለው ደግሞ በ26 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ።

መምህሩ፦ አሥር ሰው ጥቂት ነው። በዚያ ላይ እንክብል ቡና አይደለም።

ፋርማሲስቷ፦ ሁለቱም ትክክለኛ ትችቶች ናቸው። ጥናቱ የሚያስተምረው ካፌይን ለብቻው ሲወሰድ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የሚያደርገውን ነው። ቡና ግን ካፌይን ብቻ አይደለም፤ ክሎሮጀኒክ አሲድን የመሰሉ ሌሎች ብዙ ንጥረ ነገሮች አሉት። ለረጅም ዘመን ቡና የሚጠጡ ሰዎችን የተከታተሉ ጥናቶች ደግሞ ግራ የሚያጋባ ውጤት ነው ያመጡት። እ.ኤ.አ. በ2002 ከ17 ሺህ በላይ ሆላንዳውያንን የተከታተለ ጥናት በቀን 7 ሲኒና ከዚያ በላይ የሚጠጡት፣ 2 እና ከዚያ በታች ከሚጠጡት ይልቅ ዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በግማሽ ያህል ያነሰ መሆኑን ዘገበ። ከዚያ ወዲህ የወጡ ብዙ ጥናቶችም ወደዚያው ያዘነብላሉ፤ ካፌይን የወጣለት ቡናም ተመሳሳይ ዝምድና ይታይበታል። ስለዚህ ጥቅም ካለ ከካፌይኑ ሳይሆን ከሌላው ነገር የሚመጣ ይመስላል።

መምህሩ፦ በሽታውን የሚከላከል ነገር የታመመውን እንዴት ይጎዳል ታዲያ?

ፋርማሲስቷ፦ ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፣ ጋሼ፤ የሚምታቱትም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው “በሽታው ከዓመታት በኋላ ማንን ይይዛል?” የሚል ነው። ሌላው “በሽታው ያለበት ሰው ዛሬ ጠዋት ቢጠጣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳሩ ስንት ይሆናል?” የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ ለሁለተኛው አይሆንም። የሆላንዶቹ ጥናት ደግሞ ዝምድናን ያሳያል እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም። ቡና ስኳርን ይፈውሳል ብሎ ኪኒኑን የሚተው ሰው ከሁለቱም ጥናት ያልተማረ ነው።

መምህሩ፦ ወደ እኛ ጀበና እንምጣ። 500 ሚሊግራም ስንት ሲኒ ነው?

ፋርማሲስቷ፦ ሲኒ ሁሉ እኩል ስላልሆነ ከቡናው መነሳት ይሻላል። የእኛ ቡና አረቢካ ነው፤ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ያህሉ ካፌይን ነው። ሮቡስታ የሚባለው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ለአምስት ሰው 50 ግራም ቡና ተቆልቶ ተወቀጠ እንበል። ስሌቱን ለእርስዎ ልተወው።

መምህሩ፦ ሃምሳ ግራም በ1.2 በመቶ፣ 600 ሚሊግራም። ለአምስት ሲካፈል 120። ያውም ካፌይኑ ሁሉ ወደ ውሃው ከወጣ ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ከአቦል እስከ በረካ በአንድ አተላ ላይ እየተደጋገመ ስለሚፈላ አብዛኛው ይወጣል። ካፌይን በሙቅ ውሃ በቀላሉ ስለሚሟሟ ትልቁ ድርሻ አቦል ላይ ነው፤ ቶና ያንሳል፣ በረካ ደግሞ ከሁለቱም ይቀላል። ስለዚህ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ የተነሳ ሰው የወሰደው ካፌይን ሦስቱንም ከጠጣው ሰው እሱ እንደሚገምተው በጣም ያነሰ አይደለም። በዚህ ስሌት አንድ የቡና ሥርዓት ለአንድ ሰው ከ120 ሚሊግራም አይበልጥም። የዱኩን 500 ለመሙላት በቀን ከአራት ጊዜ በላይ ቡና መፈላት አለበት። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም፣ ለነፍሰ ጡር እስከ 200 ሚሊግራም አያሰጋም ብሏል። በቀን ሁለቴ የሚያፈላ ቤት ከ400 በታች ነው፤ ለነፍሰ ጡር ግን ከ200 ሊያልፍ ይችላል። ቢሮ ውስጥ ጠዋት ማኪያቶ፣ ቀትር ላይ ሻይ፣ ማታ ደግሞ ቤት ጀበና የሚያገኘው ሰው ግን ሳያውቀው ወደ 400ው ሊቀርብ ይችላል። ካፌይን የተቀላቀለባቸው የራስ ምታት ኪኒኖችም አሉ፤ አንዱ ፍሬ 65 ሚሊግራም የሚይዝ አለ፣ ሁለት ፍሬ ሲዋጥ ከአንድ ሥርዓት ቡና ይበልጣል።

መምህሩ፦ ይህ ከሆነ ሰው ቡና ጠጥቶ የደም ስኳሩ 250 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲደርስ ካፌይኑን መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም።

ፋርማሲስቷ፦ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሲኒው ውስጥ የተጨመረው ስኳር ነው። በአንድ ሲኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ፣ ማንኪያው 4 ግራም ቢይዝ፣ በሦስት ሲኒ 24 ግራም ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል የተሻለ ነው የሚለው ለጤነኛ ሰው ነው። አንድ የቡና ሥርዓት ያንን ይጨርሰዋል፤ ማታ ሲደገም እጥፍ ይሆናል። ከዚያ የቡና ቁርሱ አለ። ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ድፎ ዳቦ፣ አምባሻ ሁሉም ውለው አድረው ስኳር ይሆናሉ። ፈንዲሻውም ስኳር ይነሰነስበታል። ሰዉ እነዚህን እንደ ምግብ አይቆጥራቸውም፤ “ምን በላህ?” ሲባል “ምንም፣ ቡና ብቻ” ይላል። ካፌይን ደግሞ ብቻውን ከሚያደርገው ይልቅ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው፤ ከምግብ ጋር ሲሆን የምግቡ ስኳር ከደም ቶሎ እንዳይነሳ ያዘገያል። የዱኩም ጥናት ትልቁ ቁጥር ከምግብ በኋላ የተመዘገበው ነው። እንግዲህ ካፌይኑን ሳይነኩ ስኳሩን ከሲኒው ማውጣት ከሁሉ የሚበልጥ ለውጥ ያመጣል። በክትትል ቀን ግን ስለ ሥጋና ስለ እንጀራ ተነግሮ ስንት ማንኪያ የሚለው ሳይጠየቅ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

መምህሩ፦ መድኃኒቶቹን በየተራ እንያቸው። ሜትፎርሚን?

ፋርማሲስቷ፦ ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች አያወርድም፤ በዚህ በኩል ከቡና ጋር አደጋ የለውም። ጣጣው ሆድ ላይ ነው። መድኃኒቱ ሲጀመር ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ጩኸትና ተቅማጥ ያመጣል፤ ቡናም አንጀትን ያነቃቃል። ጠዋት በባዶ ሆድ ኪኒኑን በቡና የሚያወራርድ ሰው ሁለቱን በአንድ ላይ ይጠራቸዋል፤ ከዚያ “ኪኒኑ አልተስማማኝም” ብሎ ይተዋል። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ወይም ከምግብ በኋላ በውሃ ሲወሰድና መጠኑ ቀስ በቀስ ሲጨመር አብዛኛው ሰው ይለምደዋል። ቡናው በኋላ ሊመጣ ይችላል።

መምህሩ፦ ግሊቤንክላሚድና ኢንሱሊንስ?

ፋርማሲስቷ፦ ዋናው ጥንቃቄ እነዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ስኳርን ከልክ በታች ማውረድ ይችላሉ። ግሊቤንክላሚድ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋዋል፤ ሰውየው በላም አልበላም ግፊቱ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። እዚህ ላይ ቡና የሚያደርሰው ጉዳት ከካፌይን ይልቅ ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ፈጣኑ ኢንሱሊን፣ ሬጉላር የሚባለው፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ይወጋል። እናት ጠዋት ኢንሱሊኗን ተወግታ፣ ቁርስ ሳትቀምስ ቡና ልታፈላ ትቀመጣለች። ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ጎረቤት ይጠራል፤ አቦል ሲቀዳ አንድ ሰዓት አልፏል። ቡና ደግሞ የረሃብን ስሜት ያስታግሳል። ኢንሱሊኑ ግን አይጠብቅም። በዚህ ቤት መደረግ ያለበት ቅደም ተከተሉን መለወጥ ነው፤ ተወግቶ መብላት፣ በልቶ ቡና ማፍላት።

መምህሩ፦ ዳፓግሊፍሎዚን የሚባሉት አዳዲሶቹ አሉ። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ደግሞ ሴማግሉታይድ መርፌ ይጠቅሳሉ።

ፋርማሲስቷ፦ ዳፓግሊፍሎዚንና ኤምፓግሊፍሎዚን ስኳርን በሽንት ያስወጣሉ፤ ሽንት ያበዛሉ ማለት ነው። ቡናም በመጠኑ ሽንት ያበዛል፣ ለለመደ ሰው ግን ይህ ጠባዩ ይደክማል። ስለዚህ ሙቀት በበዛበት አገር፣ ተቅማጥ በያዘበት ቀን ወይም በጾም ወቅት ውሃ ጨምሮ መጠጣት እንጂ ቡናን መፍራት አያስፈልግም። ሴማግሉታይድ የጨጓራን ሥራ ያዘገያል፣ ያቅለሸልሻል፤ ጥቁር ቡና በባዶ ሆድ ያንን ሊያባብሰው ይችላል። ከቡና ጋር በተያያዘ ስለ ሁለቱ ዓይነቶች ከዚህ የሚያልፍ ብዙ ነገር የለም።

መምህሩ፦ ስኳር ሲወርድ የሚመጣው መንቀጥቀጥና የልብ ምት ከቡናው ጋር ይመሳሰላል። ሰው እንዴት ይለያቸው?

ፋርማሲስቷ፦ የሚመሳሰሉት ሁለቱም አድሬናሊን ስለሚያበዙ ነው። ስኳር ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ መበሳጨት ይመጣል። ብዙ ቡና ሲጠጣም መንቀጥቀጥና የልብ ትርታ አለ፤ በላብ መጠመቅና ኃይለኛ ረሃብ ግን የቡና ጠባይ አይደሉም። ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላ ግኝትም አለ። ዓይነት አንድ ስኳር ባለባቸው 34 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ በቀን 400 ሚሊግራም ካፌይን ሲወስዱ የስኳር መውረድ ምልክቶች ይበልጥ እንደሚሰሟቸው አሳይቷል። ካፌይን የማስጠንቀቂያ ደወሉን ያጎላዋል ማለት ነው። ስኳሩ ብዙ ጊዜ ወርዶበት ምልክቱ መሰማት ላቆመ ሰው ይህ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለማከሚያ ግን እስካሁን አይታዘዝም። በተቃራኒው ፕሮፕራኖሎል የሚባለውን የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ስለሚታፈኑበት የሚቀርለት አስተማማኝ ምልክት ላቡ ነው።

መምህሩ፦ ቡና የቀረበትም ሰው ያመዋል። ራሱን ይዞ ነው የሚውለው።

ፋርማሲስቷ፦ የሚያሳስተው ይህኛው ነው። ቡና የለመደ ሰው ካቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፣ ድካም፣ መነጫነጭ ይጀምረዋል፤ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ፣ ወይም በረመዳን እስከ መግሪብ የሚጾም ሰው ራሱን ሲያመው “ቡና አምሮኝ ነው” ይላል። ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ ግን ራስ ምታቱ የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። ፍርዱ የስሜት ሳይሆን የመለኪያው ነው፤ ጣት ይወጋ፣ ይለካ። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ጾሙ ይቋረጣል፤ በሃይማኖቱም በኩል ለታማሚ ፈቃድ አለ። መለኪያ ከሌለና ምልክቱ ካለ፣ ወርዷል ብሎ መነሳት ይሻላል።

መምህሩ፦ ስኳር የበዛበት ቡና ቢሰጠውስ? ቤት ውስጥ መጀመሪያ እጅ የሚገባው እሱ ነው።

ፋርማሲስቷ፦ ከምንም ይሻላል፤ ግን ትኩስ ስለሆነ ቶሎ አይጠጣም፣ ሲኒዋም ትንሽ ናት፣ ስንት ማንኪያ እንደገባበትም አይታወቅም። የሚያስፈልገው ወደ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ነው፤ ከሦስት እስከ አራት ሙሉ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት ወይም ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ መስጠት ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ካልተሻለ ይደገማል፣ ከተሻለ ምግብ ይከተላል። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይፈስም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

መምህሩ፦ ቅድም ሲዋይፒ 1ኤ2 ብለሽ ነበር፣ ልጄ። የስኳር መድኃኒቶቹ ካልነኩት ሌላ የሚነካው መድኃኒት የለም?

ፋርማሲስቷ፦ አለ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ይታዘዛል፤ ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ለዚያ ኢንፌክሽን የተጋለጠ ነው። በአብዛኛው ሰው ግማሹ ካፌይን ከደም እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ኢንዛይሙን ስለሚይዘው ያ ሰዓት ይረዝማል፤ የተለመደው ቡና የእጥፍ ያህል ሆኖ ይሰማል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ልብ ያስመታል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሲፕሮፍሎክሳሲን ራሱ ስኳርን ከፍና ዝቅ ማድረጉ ነው፤ በተለይ ከግሊቤንክላሚድ ጋር ክፉኛ ሊያወርደው ይችላል። እንግዲህ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፤ ቡናው በዝቶበት ነው ወይስ ስኳሩ ወርዶ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሲፕሮፍሎክሳሲን በሚወሰድበት ሳምንት ቡናውን በግማሽ መቀነስና ስኳርን ቶሎ ቶሎ መለካት የሚመከረው ለዚህ ነው። አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ ገዝቶ የሚውጥ ሰው ይህን የሚነግረው የለም።

መምህሩ፦ ሲጋራም ኢንዛይም ያነቃቃል ሲባል ሰምቻለሁ።

ፋርማሲስቷ፦ ጭሱ ያነቃቃዋል። የሚያጨስ ሰው ካፌይኑን ቶሎ ስለሚያፈርስ ብዙ ይጠጣል፤ ሲጋራውን ሲያቆም ያው ቡና ደሙ ውስጥ እጥፍ ይሆንበታል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ደግሞ ካፌይን የሚቆይበትን ጊዜ ወደ እጥፍ ያራዝማል፤ በእርግዝና መጨረሻ ወራት ወደ 15 ሰዓት ይደርሳል። በእርግዝና ጊዜ ስኳር የታየባት ሴት ቡናዋን የምትቀንሰው ስለ ስኳሩም ስለ ፅንሱም ነው።

መምህሩ፦ ሰው የራሱን ሰውነት እንዴት ይወቅ? አንዱን የሚያስነሳው ሌላውን አይነካውም።

ፋርማሲስቷ፦ በመለካት ነው። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ርካሽ ስላልሆነ ታስቦበት ይለካ። አንድ ዓይነት ቁርስ፣ አንድ ዓይነት መጠን ይመረጥ። አንድ ቀን ቁርሱ ያለ ቡና፣ ሌላ ቀን ስኳር ከሌለው ቡና ጋር ይበላ፤ በሁለቱም ቀን ከመብላት በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለካ። አንድ ጊዜ የተለካ ቁጥር ያታልላል፤ እንቅልፍ፣ ጭንቀት፣ የእግር ጉዞ ሁሉ ይለውጡታል፤ ስለዚህ ይደጋገም። ልዩነቱ ከ20 ወይም ከ30 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ቡናው አላስቸገረም። በተደጋጋሚ በብዙ ከፍ ካለ ደብተሩን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። የኪኒኑን መጠን በራስ መጨመር አይገባም። ቡናንም በአንድ ቀን ማቋረጥ አያስፈልግም፤ መድኃኒቱ የተመጠነው ሰውየው ቡና እየጠጣ ሳለ ነውና፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ድንገት ቢተው ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ካስፈለገ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሲኒ እየቀነሱ፣ እየለኩ ነው። ለጾም ስኳር ምርመራ ሲኬድ ደግሞ ቢያንስ ለስምንት ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም አይቀመስም፤ መራራ ቡናም ቢሆን።

መምህሩ፦ ስኳሩን ትተው ጨው የሚጨምሩ አሉ። በገጠር ድሮም እንዲያ ነው፤ ቅቤ የሚጨምርም አለ።

ፋርማሲስቷ፦ ጨው ስኳርን አይጨምርም። ነገር ግን ስኳር ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ደም ግፊትም አለባቸው፤ የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው የሚለው፤ የሲኒው ሲደመርበት ይበዛል። ካፌይን ራሱም ለጥቂት ሰዓት ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ግፊት ከመለካቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም። ቅቤው ስኳር የለውም፣ ኃይል ሰጪነቱ ግን ብዙ ነው፤ ክብደት ለሚቀንስ ሰው አይበጅም። ወተት የገባበት ማኪያቶ የወተቱ ስኳር አለው፤ ከተጨመረው ስኳር ግን ያንሳል። ለምላስ ከባዱ መራራው ነው፤ ማንኪያውን በየሳምንቱ በግማሽ እየቀነሱ ወደ እሱ የደረሱ ሰዎች በወር ጊዜ ውስጥ ጣፋጩን መልሰው ሲቀምሱት ይከብዳቸዋል።